በወረርሽኝ ጊዜ የሆስፒታል ፋርማሲ ባለሙያን ምን ያዝለዋል፣ ምንስ ያቀልለታል

በሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ ሰው የሚዝለው ሥራ ስለበዛበት ብቻ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ውሎ ማታ እየሳቀ የሚወጣ አለ፤ ያንኑ ያህል ሠርቶ በጥቂት ወራት ውስጥ የፋርማሲውን በር ማየት የሚያስጠላው አለ። እዚህ ጎንደር በመስኮት፣ በስቶርና በዋርድ (በተኝቶ ታካሚዎች ክፍል) የምንሠራ ባለሙያዎች ኮቪድ ከገባበት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ያየነውን ስናወራ ደጋግመን የምንደርስበት ነገር አንድ ነው፦ ሰውን የሚያዝለው በእጁ ባልሆነ ነገር እሱ ተጠያቂ ሲደረግ ነው። መድኃኒቱን ያላቀረበው ሌላ ነው፤ "የለም" የሚለው ግን መስኮቱ ላይ የቆመው ነው። ሌሊት መድኃኒት ያለ ወረቀት እንዲወጣ ያደረገው ጥድፊያ ነው፤ ጉድለቱ የሚመዘገበው ግን በተረኛው ስም ነው። ስለዚህ "እረፍት ውሰዱ፣ ራሳችሁን ጠብቁ" ከማለት በፊት ሥራው የት የት ላይ ሰውን እንደሚጎዳ ለይቶ ማስተካከል ይቀድማል። እዚህ የተጻፈው በኮቪድ ጊዜ የሠራው ነው፤ ለኮሌራም ሆነ ለወባ ወቅት ጥድፊያ ያገለግላል።

መጀመሪያ ምልክቶቹን እንይ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. የሥራ መዛልን በሽታ ሳይሆን በሥራ ምክንያት የሚመጣ ክስተት ብሎ በ11ኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ አስፍሮታል። ሦስት ገጽታ አለው፦ የጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ፣ "አልችልም" የሚል ስሜት። ፋርማሲ ውስጥ የመጀመሪያው የሚታየው ያንኑ ማዘዣ ሦስት ጊዜ በማንበብ፣ ቆጥሮ የጨረሱትን ፍሬ እንደገና በመቁጠር ነው። ሁለተኛው ታካሚውን ቀና ብሎ ሳያዩ መድኃኒቱን በመስኮት ገፍቶ "ቀጣይ" በማለት፣ ከዋርድ የሚደወል ስልክ እየጮኸ ዝም በማለት ነው። ሦስተኛው ቶሎ አይታይም። ባለሙያው በሰዓቱ ይገባል፣ በሰዓቱ ይወጣል፣ ሐኪሙ የጻፈውን ስህተት እያየ ግን አይደውልም፤ "ብናገርስ ማን ይሰማኛል" ብሎ ያልፈዋል። ኃላፊዎች ይህን ሰው ጸጥተኛና ጥሩ ሠራተኛ አድርገው ያዩታል። በእኛ ግምት ከሦስቱ ለታካሚ ይበልጥ አደገኛው ይሄኛው ነው።

አንድ ቀላል መለያም አለ። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ከሥራ ሲወጡ ቀለል የሚል ከሆነ ጣጣው ያለው ሥራው ውስጥ ነው። ቤት ውስጥም፣ በዓል ላይም፣ ከልጆች ጋርም ምንም ነገር ደስታ የማይሰጥ ከሆነ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛቡ ግን ድባቴ ሊሆን ስለሚችል የፈረቃ ለውጥ ብቻ አይበቃም፤ የአእምሮ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

መስኮቱ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ማስክ፣ አልኮል፣ ጓንት፣ ለኮቪድ ይረዳሉ የተባሉት አዚትሮማይሲንና ክሎሮኪንም በአንድ ጊዜ ተፈላጊ ሆኑ። ክሎሮኪን ደግሞ ለእኛ አካባቢ ትርፍ ዕቃ አይደለም፤ ከደምቢያና ከመተማ በኩል የሚመጣው የቫይቫክስ ወባ ታማሚ የሚታከመው በእሱ ነው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን በየቀኑ የሚወስዱ የሉፐስና የመገጣጠሚያ ብግነት ታማሚዎችም ነበሩ። ለአንዱ መከልከል ለሌላው ማቆየት ነው። የሚከለክለው ባለሙያ ግን የሚሰማው የተከለከለውን ሰው ቁጣ ብቻ ነው።

ይህን ሸክም የሚያቀልለው ዋናው ነገር "የለም" የሚለው ቃል ታካሚው መስኮት ከመድረሱ በፊት እንዲነገር ማድረግ ነው። በየጠዋቱ 2፡30 ላይ ከስቶር አንድ ገጽ ዝርዝር ይውጣ። ሦስት ዓምድ ይበቃዋል፦ ያለቀ፣ ከሁለት ሳምንት በታች የቀረው፣ በምትኩ ያለን። ዝርዝሩ ለተመላላሽ ክፍሎች፣ ለድንገተኛና ለየዋርዱ ነርስ ኃላፊ በስልክ ቡድን ይላክ፤ አንድ ቅጂ ሐኪሙ በሚጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ይለጠፍ። ሦስተኛው ዓምድ ከሌለ ዝርዝሩ በሳምንቱ ይሞታል፤ ሐኪሙ የሚፈልገው ምን እንደጎደለ ሳይሆን ምን እንደሚጽፍ ነው። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው አንድ የታወቀ ሰው ይሁን፣ ተተኪም ይኑረው። አንድ ቀን ሳይወጣ ከቀረ ሰው በድሮ ዝርዝር ይሠራና እምነቱ ይጠፋል።

ያም ሆኖ "የለም" የሚባልበት ጊዜ አይቀርም። ያኔ ሦስት ነገር በአንድ ትንፋሽ መናገር ጠብ ያስቀራል፦ የሌለው የትኛው እንደሆነ፣ አሁን ምን ሊደረግ እንደሚችል፣ ካልሆነ የት መሄድ እንዳለበት። "እናቴ፣ ከሦስቱ ሁለቱን እሰጥዎታለሁ። ይቺኛዋ ዛሬ የለችም። ሐኪሙ ጋ አሁን እደውላለሁ፤ የምትተካ ካለች ቀይሮ ይጽፍልዎታል፤ እዚህ ቁጭ ብለው ይጠብቁኝ።" የጤና መድን አባል ከሆኑ ከውጭ ገዝተው ለማስመለስ የትኛው ወረቀት እንደሚያስፈልጋቸውና የት እንደሚፈረም አብሮ ይነገራቸው። ከገጠር የመጣ ሰው ለዚህች ወረቀት ተመልሶ ሲመጣ የሚያወጣው የመኪና ሒሳብ ከመድኃኒቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ማስክና መስታወት ድምፅ ያፍናሉ። ባለሙያው ጮኾ ይውላል፣ ሽማግሌው አይሰሙም፣ ማታ ጉሮሮና ትዕግሥት አብረው ያልቃሉ። ስለዚህ አወሳሰዱ በትልቁ ከረጢቱ ላይ ይጻፍ። ማንበብ ለማይችል ፀሐይና ጨረቃ ተስሎ ከጎኑ በፍሬው ቁጥር ልክ መስመር ይሰመር፤ ከዚያ "እንዴት እንደሚወስዱት መልሰው ይንገሩኝ" ማለት ነው። መነጽር ለሚያደርግ ባለሙያ ጭጋጉ ቀላል ነገር አይደለም፤ 0.5 እና 5 የሚምታቱት እዚህ ላይ ነው። የማስኩን የላይ ጠርዝ በሕክምና ፕላስተር አፍንጫ ላይ መለጠፍ ይረዳል።

ሰው ሲያንስ በመጀመሪያ የሚጠፋው ሁለተኛው ዓይን ነው። በተለምዶ አንዱ ማዘዣውን ይገመግማል፣ አንዱ ሒሳብ ይሠራል፣ ሌላው አስረድቶ ያስረክባል። በወረርሽኝ ጊዜ ሦስቱ ወደ አንድ ሰው ሲጠቀለሉ ሥራው የፈጠነ ይመስላል፤ ስህተቱ ግን የሚያዝ አይኖርም፣ ባለሙያውም "ምን ሰጥቼ ይሆን" እያለ ቤቱ ድረስ ይዞት ይሄዳል። መቀነስ ካስፈለገ ሒሳቡን ከሌላ ጋር ማጣመር ይሻላል፤ ገምጋሚውና አስረካቢው የተለያዩ ይሁኑ። ለኢንሱሊን፣ ለሄፓሪን፣ ለፖታሲየም ክሎራይድ፣ ለማግኒዥየም ሰልፌት ግን ሌሊትም ቢሆን ሁለት ሰው ይይ፤ ሁለተኛው ባለሙያ ከሌለ የምትረከበዋ ነርስ መጠኑን ጮክ ብላ ታንብብ። የፋርማሲው ስልክ አንድ ሰው ጋ ይሁን፤ የሚቆጥር ሰው ስልክ አያንሳ። መስኮት ላይ በተከታታይ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆም አይገባም፤ በመሃል ወደ ማሸግ ወይም ወደ ምዝገባ መቀያየር ነው።

ሰልፉን ከምንጩ የሚያሳንሰው የብዙ ወር መድኃኒት መስጠት ነው። የተረጋጋ የደም ግፊትና የስኳር ታማሚ የሦስት ወር ቢወስድ ምልልሱ ወደ ሲሶ ይወርዳል። አዲስ የጀመረ፣ መጠኑ ገና እየተስተካከለ ያለ፣ ዋርፋሪን የሚወስድ፣ ወይም እንደ ዳያዜፓም ያለ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት የታዘዘለት ግን ከዚህ ውጭ ነው። ኢንሱሊን ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ስለሚቀመጥ ማቀዝቀዣ ለሌለው ሰው ሦስት ወር ማስያዝ ጉዳት ነው። የቅርብ ጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣ ካለው ከእነሱ ጋር ተነጋግሮ በየወሩ እዚያ እንዲወስድ ማድረግ ይቻላል።

ስቶሩና ሒሳቡ

የብዙ ወር አሰጣጥ ደስ ካሰኘ በኋላ በጥያቄ ቅጹ ላይ ቆይቶ የሚፈነዳ ችግር አለው። ሆስፒታል በየሁለት ወሩ ፍጆታውን ሪፖርት አድርጎ ሲጠይቅ ከፍተኛው ክምችት የአራት ወር፣ ዝቅተኛው የሁለት ወር፣ የአስቸኳይ መጠየቂያው የሁለት ሳምንት ነው። 300 የደም ግፊት ታካሚዎች እያንዳንዳቸው በወር 60 ፍሬ ቢወስዱ የሁለት ወሩ እውነተኛ ፍጆታ 36,000 ነው። ሁሉም በመጀመሪያው ወር መጥተው የሦስት ወር ከወሰዱ ግን መዝገቡ ላይ የሚታየው 54,000 ነው። ከፍተኛው መጠን የሁለት ወሩ እጥፍ ስለሆነ 72,000 መሆን የሚገባው 108,000 ይሆናል፤ 36,000 ፍሬ ትርፍ ተጠየቀ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ሰዎቹ ዘግይተው ስለሚመጡ ፍጆታው ወርዶ ይታያል፤ ያኔ በሌላ በኩል ይጎድላል። መፍትሔው ለብዙ ወር የሚሰጡትን መድኃኒቶች በታካሚ ቁጥር ማስላትና በቅጹ ማስታወሻ ላይ ምክንያቱን መጻፍ ነው።

ያለቀ መድኃኒትም እንዲሁ ያሳስታል። በ60 ቀን ውስጥ 20 ቀን ያልነበረ መድኃኒት 800 ጠርሙስ ወጥቶ ከሆነ ፍጆታው 800 አይደለም፤ 800 በ60 ተባዝቶ ለ40 ሲካፈል 1,200 ነው። ይህን ሳያስተካክሉ የላኩ እንደሆነ የሚመጣው አሁንም አነስተኛ ነው፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው አሁንም "የለም" ይላል። ብዙ ጊዜ "አቅራቢው አልሰጠንም" የሚባለው እጥረት ከፊሉ የሚጀምረው ከዚህች ስሌት ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር፦ በመሃል ሊቋረጥ የማይገባውን ሕክምና ሙሉውን መጠን ለይቶ ማስቀመጥ። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው የካላዛር በሽታ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ወረርሽኙ ከመተማና ከሑመራ እርሻ የሚመጣውን የቀን ሠራተኛ በሽታ አላቆመም። ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ከፓሮሞማይሲን ጋር ሲሰጥ 17 ቀን ነው። የስቲቦግሉኮኔቱ መጠን በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ስለሆነ 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 1,000 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 10 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ለ17 ቀን 170 ሚሊ ሊትር፣ በባለ 30 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ስድስት ማለት ነው። ስድስቱ ጠርሙስ የካርድ ቁጥሩ ተጽፎበት በአንድ ካርቶን ከገባ በ11ኛው ቀን "አለቀ" የሚባል ድንጋጤ የለም። ለኮቪድ ታካሚም ይኸው ይሠራል። ኦክስጅን ለሚያስፈልገው ሰው ዴክሳሜታሶን 6 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ እስከ 10 ቀን ነው። በ4 ሚሊ ግራም አምፑል ሲሰላ በቀን አንድ ተኩል ነው፤ ባለ አንድ ሚሊ ሊትር አምፑል ከሆነ ግማሹ ስለሚደፋ 20 አምፑል ይያዝ። መዋጥ ለሚችል ታካሚ ፕሬድኒሶሎን 40 ሚሊ ግራም በአቻነት ስለሚያገለግል መርፌውን ለከበደው ማቆየት ይቻላል፤ ይህን ግን ከሐኪሞቹ ጋር አስቀድሞ በመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ መስማማት ነው እንጂ ሌሊት በስልክ የሚጨቃጨቁበት አይደለም።

አሁን ወደ ጉድለት ፍርሃት እንምጣ፤ ብዙ ባለሙያ እንቅልፍ የሚያጣው በዚህ ነው። ዓመታዊ ቆጠራን መጠበቅ ፍርሃቱን አሥራ ሁለት ወር ማስረዘም ነው። በየቀኑ አምስት ዓይነት መድኃኒት ብቻ ቆጥሮ ከቢን ካርዱ (ገቢና ወጪው ከሚመዘገብበት ካርድ) ጋር ማስተያየት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ውድና ቶሎ የሚወጡት በየሳምንቱ ይደርሳቸው። ልዩነት ሲገኝ ማስረጃው ገና ትኩስ ስለሆነ ምክንያቱ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ያልተመዘገበ የዋርድ ብድር ነው። ሌሊት ያለ ወረቀት የሚወጣውን ለመቀነስ በየድንገተኛ ክፍሉና በአይሲዩ (በጽኑ ሕሙማን ክፍል) ቁጥር ባለው ማሸጊያ የተዘጋ ሣጥን ይኑር፦ አድሬናሊን፣ አትሮፒን፣ 40 በመቶ ዴክስትሮዝ፣ ሃይድሮኮርቲሶን፣ ፉሮሴማይድና የመሳሰሉት፣ ክዳኑ ላይ ዝርዝርና ብዛት ተለጥፎበት። ከተከፈተ ጠዋት ባዶው አምፑልና ማዘዣው መጥቶ ይተካል። እንቅልፍ ካጣ ተረኛ ጋር በሌሊት የሚደረገው ክርክር አብዛኛው በዚህ ያበቃል።

እርዳታ ተብሎ የሚመጣም በወረርሽኝ ጊዜ ይበዛል። ሳይጠየቅ የመጣ፣ ሁለት ወር የቀረው፣ በማይነበብ ቋንቋ የተጻፈበት ካርቶን ስቶሩን ይሞላና ጊዜው ሲያልፍ የሚጠየቀው ስቶር ጠባቂው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው እንዲሆን ይላል። ይህን የሆስፒታሉ ኮሚቴ አስቀድሞ ወስኖ ቢጽፈው "አልቀበልም" የሚለው ሰው ብቻውን አይቆምም። የተቀበሉት ሁሉ በዚያው ቀን በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ማድረጊያ ደረሰኝ) ይግባ።

ሌሊትና ፈረቃ

የተረኝነት ሰሌዳ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይለጠፍ። ሰው ሌሊት ከመሥራቱ በላይ የሚያስመርረው ነገ ምን እንደሚሠራ አለማወቁ ነው። ከሌሊት የወጣ ሰው በማግስቱ ስብሰባም፣ ቆጠራም፣ ሥልጠናም አይመደብበት። በወረርሽኝ ጊዜ ባለሙያውን በማይገናኙ ሁለት ቡድኖች መክፈል አንዱ ሲጋለጥ ፋርማሲው እንዳይዘጋ ያደርጋል፤ ግን ሁለቱ ቡድኖች በጽሑፍ ርክክብ ካልተያያዙ ያለቀውና የተበደረው ሁሉ ይጠፋል። ርክክቡ አራት መስመር ይበቃዋል፦ ያለቀ፣ ለነማን ቃል የተገባ፣ ሳይመለስ የቀረ፣ የተከፈተ ሣጥን። በፋሲካ ሙስሊሙ፣ በዒድ ክርስቲያኑ ቢተካካ በዓሉ ለሁሉም በዓል ይሆናል፤ በሰሌዳው ላይ አስቀድሞ ይግባ እንጂ በዋዜማው ልመና አይሁን። በጾም ወቅት ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመውን ሰው ከሰዓት በኋላ ካለው ከባዱ ሰዓት አውጥቶ ጠዋት መስኮት ላይ ማድረግ ይሻላል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲዘገይ ቁጣው ሁሉ ወደ ሰሌዳ አውጪው ይሄዳል። የሰዓት ዝርዝሩ በወሩ መጨረሻ ተፈርሞ ለፋይናንስ የገባበት ቀን ግድግዳው ላይ ቢለጠፍ ሰው ቢያንስ የት እንደቆመ ያውቃል።

እርካታ ከየት ይመጣል

ፋርማሲ አምስት ዓመት የተማረ ሰው የተማረው በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ መጠን ሊያስተካክል ነው። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ፍሬ እየቆጠረ ቢኖር እውቀቱ የሚያስፈልግ መሆኑን ራሱ ይጠራጠራል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ሰዎች በድካሙ መካከል እንኳ ደስ ብሏቸው የሠሩት ሥራ ሲጠየቅ በአብዛኛው የሚነሱት ሁለት ናቸው፦ የዋርድ ዙርና የሳኒታይዘር ቅመማ። በሁለቱም የሠሩት ሥራ ውጤቱ ለራሳቸው ይታያል።

ለቅመማው፣ 10 ሊትር ለማውጣት 96 በመቶ ኤታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ 98 በመቶ ግሊሰሮል 145 ሚሊ ሊትር፣ ቀሪው ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ነው። የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አልኮሉ የተጻፈበትን ያህል አለመሆኑ ነው፤ በአልኮል መለኪያ ተፈትሾ 90 በመቶ ከሆነ 8,889 ሚሊ ሊትር ይገባል። ግሊሰሮል ሲበዛ እጅ ያጣብቅና ነርሶቹ መጠቀም ይተዋሉ። ፐርኦክሳይዱ በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን የባክቴሪያ ዘር ለመግደል ስለሆነ ከተሞላ በኋላ 72 ሰዓት ሳይከፋፈል ይቀመጥ። ከ50 ሊትር በላይ በአንድ ክፍል አይቀመም፤ ክፍሉ ነፋስ የሚያገኝ፣ እሳትና ምድጃ የሌለበት ይሁን። ከሌሊት የወጣ ሰው ይህን ሥራ አይሥራ።

ለዋርዱ ደግሞ በሳምንት ሁለት ጠዋት እንኳ አንድ ባለሙያ ከመስኮት ተነሥቶ ከሐኪሞቹ ጋር ይዙር። "ሰው የለንም" የሚለው መልስ ይጠበቃል፤ ግን ዙሩ ላይ የተስተካከለ ማዘዣ መስኮት ላይ የሚመለስ ማዘዣ ስለሚቀንስ ሰዓቱ በከፊል ይመለሳል። የተደረገው ሁሉ በአንድ መዝገብ ይያዝ፦ ቀን፣ ዋርድ፣ የካርድ ቁጥር፣ የታየው ችግር፣ የተሰጠው ሐሳብ፣ ተቀባይነት አገኘ ወይስ አላገኘም። በወሩ መጨረሻ አሥር ደቂቃ ለኮሚቴው ይቅረብ። ስም ጠርቶ ማመስገን የኮሚቴው ሰብሳቢ ሥራ ይሁን፤ ምስጋናው ከፋርማሲው ውጭ ካለ ሰው ሲመጣ ክብደቱ ሌላ ነው።

ስለራስ አንድ ነገር በግልጽ ይባል። እንቅልፍ ያጣ የፋርማሲ ባለሙያ ዳያዜፓሙም ትራማዶሉም በእጁ ርቀት ነው። "ለዛሬ ብቻ" ተብሎ ይጀመርና ያለ እሱ መተኛት የማይቻልበት ደረጃ ይደርሳል። የቁጥጥር መድኃኒት ቁምሣጥን በሁለት ቁልፍ፣ በሁለት ሰው መያዙ መጀመሪያ የሚጠብቀው ባለሙያውን ነው፤ እንደ አለመታመን መታየት የለበትም። የጀመረ ሰው ከሥራ ባልደረቦቹ ተደብቆ ብቻውን በአንዴ ለማቆም አይሞክር፤ ለብዙ ጊዜ የተወሰደ ዳያዜፓም በድንገት ሲቆም የሚጥል በሽታ ሊያስነሳ ይችላል። የሚሠራበት ሆስፒታል መታከም ካሳፈረው ሌላ ተቋም ይሂድ። መኖር የሚያስጠላው፣ ራሱን ስለመጉዳት የሚያስብ ሰው ካለ ደግሞ ፈረቃው እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳይተው በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።

ይህን ሁሉ ለአስተዳደር ሲያቀርቡ "ደክሞናል" በሚል ደብዳቤ አይጀመር፤ ሁሉም ክፍል ደክሞታል። አንድ ገጽ ላይ ካለፈው ወር የተመለሱ ማዘዣዎች ብዛት፣ በአንድ ፈረቃ የተስተናገደው ሰው፣ ያለቁት መድኃኒቶች ከነቀናቸው ይቀመጥ። ከሥሩ ሦስት ጥያቄ ብቻ፤ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ገንዘብ የማይጠይቅ ይሁን፣ ለምሳሌ የጠዋቱን ዝርዝር ሐኪሞች እንዲከተሉ የሚያዝ ማስታወሻ። የሰው ኃይል ጥያቄው በመጨረሻ ይምጣ፣ ከየትኛው ክፍል ለስንት ሳምንት እንደሚዋስ ተለይቶ። መልሱ በቃል ከተሰጠ በቃለ ጉባኤ ይግባና ለክፍሉ ባለሙያዎች በሙሉ ይነገር፤ ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር ጥያቄው ከመጀመሪያው እንዳይጀመር።